ከአርክቴክቱ በፊት የዛፍ ባለሙያ ጥሩ

እንግሊዝ አገር ቤት ገዝታችሁ ኤክስቴንሽን (ቤቱ ላይ ተጨማሪ ክፍል መቀጠል) የምታስቡ ካላችሁ ይህቺን ሳታነቡ ስዕል አታሠሩ። እኛ ለንደን ውስጥ ከኋላ ተነስቶ ወደ ጎን የሚዞር ኤክስቴንሽን ልንሠራ ፕላኒንግ ፐርሚሽን (የግንባታ ፈቃድ) አመለከትን። ካውንስሉ (የአካባቢው አስተዳደር) ገና ማየት ሳይጀምር ማመልከቻውን መለሰው። የዛፍ ሰርቬይ (ዛፎቹ ተለክተው የሚመዘገቡበት ጥናት) አልተያያዘም ነው ምክንያቱ። እኛ ግቢ ያለችው አንዲት ያረጀች የፖም ዛፍ ናት፤ ለካ ጉዳዩ ከአጥር ማዶ ያለው የጎረቤታችን የኦክ ዛፍ ኖሯል። ዛፉ የእናንተ ባይሆንም ሥሩ ወደምትገነቡበት ቦታ የሚደርስ ከሆነ ሰርቬዩ ውስጥ ይገባል። አርክቴክቱ ይህንን አስቀድሞ ሊነግረን ይገባ ነበር።

ሰርቬዩን ያሠራነው ሁለት ሰዎች ብቻ ባሉበት ትንሽ የዛፍ ባለሙያዎች ድርጅት ነው። ሥራቸው አንደኛ ነው። ባለሙያው እንደመጣ ሜትሩን ከማውጣቱ በፊት የጎረቤታችንን በር አንኳኳ። አዛውንት ናቸው፣ ዛፋቸው ሊቆረጥ ነው ብለው ደንግጠው ነበር፤ ሊለካ እንጂ ሊቆርጥ እንዳልመጣ ረጋ ብሎ አስረዳቸውና አስፈቅዶ ገባ። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ጎረቤት ከተቀየመ ለካውንስሉ የተቃውሞ ደብዳቤ ይጽፋል።

ከመሬት 1.5 ሜትር ከፍታ ላይ የኦኩን ግንድ ለካው፣ ውፍረቱ (ከዳር እስከ ዳር) 60 ሴንቲ ሜትር ወጣ። ሁሉንም ነገር የሚወስነው ይህ ቁጥር ነው። ቢኤስ 5837 የሚባል የ2012 የብሪታንያ ስታንዳርድ አለ፤ በእሱ መሠረት የግንዱ ውፍረት በ12 ይባዛና በተገኘው ርቀት ልክ ዛፉ ዙሪያውን ይከበባል፣ እዚያ ክልል ውስጥ ያለው ሥር መጎዳት የለበትም ነው ነገሩ። የኛው 7.2 ሜትር መጣ። ግንዱ ከአጥሩ የሚርቀው 3 ሜትር ብቻ ስለሆነ ከ4 ሜትር በላይ የሚሆነው ወደኛ ግቢ ገባ፣ ያውም ወጥ ቤቱ ሊያርፍበት የታሰበው ጥግ ላይ።

ከዚያ ግንዱን በመዶሻ እየመታ ድምፁን አዳመጠ፣ ውስጡ ባዶ ከሆነ ድምፁ ይለያል አለኝ። ሥሩ አካባቢ ቅጠሉን ገለጥ እያደረገ የመበስበስ ምልክት የሚሆን እንጉዳይ ፈለገ። ቁመቱን፣ ቅርንጫፎቹ በአራቱም አቅጣጫ የት ድረስ እንደሚሄዱ ሁሉ መዘገበ። ኦኩ ምድብ ኤ ሆነ፣ ማለትም ገና 40 ዓመትና ከዚያ በላይ ሊኖር የሚችል ምርጥ ዛፍ። ፖሟ ምድብ ሲ ላይ ቀረች፤ ለእሷ ሲባል ግንባታ አይቆምም።

በጣም የወደድኩት አይሆንም ብሎ ጥሎን አለመሄዱ ነው። የወጥ ቤቱን ጥግ ትንሽ ወደ ውስጥ ሳቡት፣ ክልሉ ውስጥ የሚቀረውን ደግሞ እንደ ተለመደው መሠረት ዙሪያውን ከመቆፈር በቀጫጭን ፓይል (መሬት ውስጥ የሚገባ ምሰሶ) አቁሙት አለን። አብዛኛው ሥር ከመሬት በታች እስከ 60 ሴንቲ ሜትር ባለው አፈር ውስጥ ነው የሚገኘው፣ የመሠረት ቦይ ሲቆፈር መጀመሪያ የሚቆረጠውም እሱ ነው። ስዕሉ እንደገና ተሠራ፣ እንደገናም ተከፈለበት። ሰርቬዩ ቀድሞ ቢሆን ያ ገንዘብ ኪሳችን ይቀር ነበር፣ አሁንም ያበሳጨኛል።

ቅሬታዬ ዋጋው ላይ ነው። መጀመሪያ የነገሩን ዋጋ የሰርቬዩን ብቻ ነው። ካውንስሉ ግን ግንባታው ዛፉን እንዴት እንደሚነካ የሚያሳይ ሪፖርትና የዛፍ መከላከያ ፕላንም ይፈልጋል፤ እነዚህ ለየብቻ ይከፈላሉ፣ ይህንን ያወቅነው ሂሳቡ ሲመጣ ነው። ስለዚህ ከመስማማታችሁ በፊት "ለካውንስሉ የሚያስፈልገው በሙሉ እዚህ ውስጥ አለ ወይ?" ብላችሁ በኢሜይል ጠይቁ። የዛፎቹን ካርታም በፒዲኤፍ ብቻ ነበር የላኩት፣ አርክቴክቱ የካድ ፋይሉን (በኮምፒውተር ስዕል መሥሪያ የሚከፈተውን) አምጡ ብሎ ሌላ ደብዳቤ መጻጻፍ ሆነ። ከአምስት አራት ኮከብ የሰጠኋቸው ለዚህ ነው።

አንድ ወዳጃችን ምን አደከማችሁ፣ በሌሊት ማስቆረጥ ነው ብሎን ነበር። እባካችሁ እንዲህ ዓይነት ምክር አትስሙ። ዛፉ ቲፒኦ የሚባለው የጥበቃ ትእዛዝ ካለበት ያለ ፈቃድ መቁረጥ ወንጀል ነው፣ እንግሊዝ ውስጥ ለቅጣቱ ጣሪያ የለውም። ሰፈሩ ኮንሰርቬሽን ኤሪያ (ገጽታው በሕግ የሚጠበቅ ሰፈር) ከሆነ ደግሞ ትእዛዝ ባይኖርም ከመቁረጥ በፊት የ6 ሳምንት ማስታወቂያ ለካውንስሉ መስጠት ግድ ነው። ባለሙያው ይህንን ሁሉ ሳንጠይቀው አጣርቶ ሪፖርቱ ላይ አስገብቶልናል።

ፈቃዱ ወጥቷል። ኦኩ አጠገብ የብረት አጥር ቆሟል፤ ውስጡ አሸዋ መድፋትም ሆነ ሲሚንቶ ማቡካት ክልክል ነው፣ ግንበኛው ቦታ ጠበበኝ እያለ ቢያጉረመርምም። ፓይሉ ሲገባ ባለሙያው ተገኝቶ ያያል። ለዚያ ጉብኝት ተጨማሪ ይከፈላል፣ የአሁኑን ግን አስቀድሞ ነግሮናል።