«በማንኛውም ሪሞት ይሠራል» ተብሎ የሚሸጠውን የኮምፒውተር ሪሲቨር እንዳትገዙ

ንዴቴ ሳይበርድ ነው የምጽፈው። ቲቪ ስር ባስቀመጣችሁት ኮምፒውተር ላይ ኮዲ የሚባለውን የፊልም ማጫወቻ ፕሮግራም ጭናችሁ ፊልም የምታዩ፣ ዩኤስቢ ላይ የሚሰካ የኢንፍራሬድ ሪሲቨር (ሪሞት የሚልከውን በዓይን የማይታይ ብርሃን የሚቀበል ዕቃ) ልትገዙም ያሰባችሁ አንብቡት።

ሻጩን ታውቁታላችሁ። «ሰክተህ መጠቀም ነው፣ ምንም ሴቲንግ አይፈልግም» የሚለው ዓይነት። ከመክፈሌ በፊት አንድ ነገር ብቻ ጠየቅኩት፤ በቲቪዬ ሪሞት ኮምፒውተሩን ማዘዝ እፈልጋለሁ፣ ይሄ ይቀበላል ወይ? «የፈለግከውን ሪሞት ይቀበላል» አለኝ። ካርቶኑም ላይ እንደዚያው ተጽፏል።

ሰካሁት። አብሮት የመጣውን ትንሽ ሪሞት ስጫን የሪሲቨሩ መብራት ብልጭ ይላል። የቲቪውን ሪሞት ስጫን ግን ጭጭ። ባትሪ ቀየርኩ፣ አስጠጋሁ፣ ምንም የለም። ሊኑክስ (የኮምፒውተሬ ኦፐሬቲንግ ሲስተም) ላይ ስፈትሸው ነው ጉዱ የወጣው። ዕቃው ኮምፒውተሩ ላይ የሚታየው ተራ ኪቦርድ ሆኖ ነው። ደህና ሪሲቨር የመጣለትን ሲግናል እንዳለ ለሶፍትዌሩ ያቀብላል፤ የትኛው ቁልፍ ምን እንደሚያደርግ ሊርክ በሚባለው የሪሞት ፕሮግራም ራስህ ትወስናለህ። ሪሞቶች የሚልኩት የኮድ ዓይነት ይለያያል፤ የኤንኢሲ ኮድ 38 ኪሎኸርዝ፣ አርሲ 5 እና አርሲ 6 ደግሞ 36 ኪሎኸርዝ ላይ ናቸው፤ እነዚህን ሁሉ የሚቀበል ሪሲቨር አለ። የኔው ውስጥ ያለው ቺፕ ግን የራሱን ሪሞት ኮድ ብቻ ነው የሚያውቀው። ሌላውን እዚያው ይጥለዋል፣ ኮምፒውተሩ ጋ የሚደርስ ነገር ስለሌለ ምንም ሴቲንግ አያድነውም።

ይዤው ተመለስኩ። ደሜን ያፈላው ነገር የመጣው እዚህ ነው። ሻጩ ልጅ ተቀብሎኝ ባንኮኒው ላይ ያለው ላፕቶፕ ላይ ሰካው፣ አብሮት የመጣውን ሪሞት አነሳና ድምፅ መጨመሪያውን ተጫነ። «ይኸው ይሠራል እኮ።» የቲቪዬን ሪሞት አውጥቼ «በዚህ ሞክረው» አልኩት። አልነካውም። «ያንተ ሪሞት ተበላሽቶ ይሆናል» አለኝ። የስልኬን ካሜራ ከፍቼ ሪሞቱ ጫፍ ላይ ደቀንኩ፤ በዓይን የማይታየውን ብርሃን ብዙ የስልክ ካሜራ ያሳያል። ቁልፉን ስጫን አምፖሏ ሐምራዊ ሆና ቦግ እልም ትላለች። አየው። በደንብ አየው። «እሱን እኔ አላውቅም ወንድሜ፣ ካርቶኑ ተከፍቷል፣ አይመለስም» ብሎ ፊቱን አዞረብኝ።

ቀጥሎኝ የቆመው ሰውዬ ያንኑ ካርቶን አንስቶ «በማንኛውም ሪሞት ይሠራል?» ሲለው፣ የኔ ሪሞት ገና ባንኮኒው ላይ እንዳለ፣ «በሚገባ!» አለው። እያወቀ! ለሰውዬው የሆነውን ነገርኩት፣ ሳይገዛ ወጣ። ልጁ እንደ ሌባ ነው ያየኝ።

በቃ፣ የራሳችሁን ሪሞት ይዛችሁ ሂዱ፣ ሳትከፍሉ በሱ ያሳዩዋችሁ። ስትሰኩት ኪቦርድ ብቻ ሆኖ ከመጣ ተዉት። የተኛ ኮምፒውተር በሪሞት መቀስቀስ የምትፈልጉም ካላችሁ፣ ኮምፒውተሩ ተኝቶም ለዩኤስቢው ኃይል መስጠቱን መጀመሪያ ባዮሱ (ኮምፒውተሩ ሲነሳ የሚገባበት መሠረታዊ ሴቲንግ) ላይ እዩ።