ቱሉ ዲምቱ ያለው የጂኦግራፊ ማጠናከሪያ፦ ለማን ይሆናል?

ልጄ 12ኛ ክፍል ናት፣ ሶሻል። ከ11ኛ ጀምሮ ቅዳሜ ቅዳሜ ጂኦግራፊ ማጠናከሪያ ትማራለች። ቦታው አዲስ አበባ፣ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ውስጥ፣ ብሎክ ሥር ካሉት ሱቆች አንዱ ነው። ክፍያው በወር 1,000 ብር። ለእኔ ቤት ቀላል ገንዘብ አይደለም። ለካርታና ለተፈጥሮ ጂኦግራፊ ከሆነ ግን ይገባዋል።

ጂኦግራፊን ብዙ ሰው የሽምደዳ ትምህርት ያደርገዋል። ይሄ መምህር አያሸመድድም።

በ2017 ዓ.ም. ታኅሣሥ ላይ በመሬት መንቀጥቀጥ ፎቃችን ሲወዛወዝ የነበረውን ታስታውሳላችሁ። ሰው ልጁን ታቅፎ በደረጃ እየወረደ ሜዳ ላይ ቆሞ ያመሽ ነበር። መምህሩ በዚያው ሰሞን የዕለቱን ትምህርት ትቶ ስለ ስምጥ ሸለቆ አስረዳቸው። የመንቀጥቀጡ መነሻ ስምጥ ሸለቆው ውስጥ ያለው የፈንታሌ እሳተ ገሞራ ተራራ አካባቢ ነው። ከመሬት ሥር የቀለጠ አለት፣ ማግማ የሚሉት፣ አለቱን እየሰነጠቀ ይገባል። አዲስ አበባ ደግሞ የስምጥ ሸለቆው ምዕራባዊ ጠርዝ ላይ ስላለች ንዝረቱ ይደርሰናል። የአረቢያ፣ የኑቢያና የሶማሊያ ፕሌቶች፣ ማለትም ቀስ እያሉ የሚንቀሳቀሱት ግዙፍ የምድር ቅርፊት ክፍሎች፣ አፋር ላይ እንደሚገናኙም ነገራቸው። በመስከረም 1998 ዓ.ም. እዚያው አፋር ውስጥ ደባሁ ላይ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚረዝም መስመር ማግማ ገብቶ፣ መሬቱን አንዳንድ ቦታ እስከ 8 ሜትር አራርቆታል።

ልጄ ያን ዕለት ማታ ሁለት ደብተር ጠረጴዛ ላይ አጋጥማ ጤፍ ዱቄት ነሰነሰችበት። ከዚያ ደብተሮቹን ቀስ እያለች አራራቀቻቸው። ዱቄቱ መሃል ለመሃል ወደ ውስጥ ሰመጠ። ታናሽ ወንድሟ "ይሄ ነው ስምጥ ሸለቆ?" አለ። እኔም የገባኝ ያኔ ነው። ማታ ማታ ይፈራ የነበረው ልጅ ከዚያ በኋላ ጥያቄው በዛ እንጂ ፍርሃቱ ቀለል አለለት።

ሌላው ካርታው ነው። መምህሩ 1፡50,000 የሆነ ትልቅ የወረቀት ካርታ አለው፤ እጥፉ እየተቀደደ በፕላስተር ተለጣጥፏል። በእሱ ላይ 2 ሴንቲ ሜትር ማለት መሬት ላይ 1 ኪሎ ሜትር ነው። ወንዝ ሲለኩ ክሩን በወንዙ ጥምዝ ላይ ያስተኙትና መልሰው በማስመሪያ ይለኩታል። አንድ ቀን ልከፍል ስሄድ ልጄ ጎትታ ዝቋላን አሳየችኝ። "እማዬ፣ ለአቦ ንግሥ ስትወጪ እግርሽን የሚያምሽ እዚህ ጋ ነው።" የከፍታ መስመሮቹ እዚያ ጋ ተጠጋግተው ሊነካኩ ደርሰዋል። መስመሩ ከተቀራረበ ዳገቱ ከባድ ነው፤ ከተራራቀ መሬቱ ሜዳማ ነው። አናቱ ላይ ያለው ሐይቅም በሰማያዊ ተቀምጧል። ብዙ ጊዜ የወጣሁትን ተራራ እንዲህ አይቼው አላውቅም ነበር፤ ደስ አለኝ።

የአየር ንብረቱንም ከሠፈራችን ነው የሚጀምረው። የአዳማ ፍጥነት መንገድ ከእኛው ከቱሉ ዲምቱ ይነሳል አይደል? በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ ሙቀቱ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ይቀንሳል። አዲስ አበባ 2,350፣ አዳማ 1,650 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው። ልጆቹ ልዩነቱን ራሳቸው አስልተው ከ4 ዲግሪ በላይ ያመጣሉ።

አሁን ወደማልወደው ልምጣ። የሕዝብ ቁጥርና የኢኮኖሚ ምዕራፎች ላይ ሲደርስ ያ ሁሉ ጉልበት የት እንደሚሄድ አይገባኝም። ፎቶ ኮፒ ያድላል፣ "አንብቡ" ይላል፣ አለቀ። ፈተናው ላይ ግን እነዚህም ይመጣሉ። ነግሬዋለሁ፤ "ጊዜ አይበቃም" ነው መልሱ። እኔ አልተዋጠልኝም። ወላጅ የሚከፍለው ለሙሉው ትምህርት ነው።

ክፍሉም ይጨናነቃል። አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ አራት አምስት ልጅ ይደረደራል፤ መስኮቱ ጠባብ ስለሆነ ከሰዓት ይታፈናል። ካርታው ደግሞ አንድ ብቻ ነው። ኋላ የተቀመጠ ልጅ የሚያየው የጓደኞቹን ጀርባ ነው። ክፍያው የሚጠየቀው ወር ሲጀምር ነው፤ መምህሩ ሲቀር ግን ማካካሻው ይዘገያል።

ልጃችሁ ካርታ ማንበብ ካቃተው፣ ወይም ፕሌት ቴክቶኒክስ (የፕሌቶቹ እንቅስቃሴ) ከተምታታበት፣ ያለ ማመንታት ላኩት። የጠዋቱን ፈረቃ ጠይቁ፤ ሰው ያንሳል፣ ካርታውንም በእጁ ይነካል። ፈተናው ቀርቦ የጥያቄ ልምምድ ብቻ የሚፈልግ ከሆነ ግን ሌላ ቦታ ይሻለዋል። የእኔ ልጅ እስከ ሰኔ ትቀጥላለች። የሕዝብ ቁጥሩን ምዕራፍ እሁድ እሁድ እኔና እሷ ቤት ውስጥ እናነባለን።