አልዞር ያለ የቮልስ ሞተር እና የጠባሴው ጋራዥ

ከአባቴ የወረስኩት ቮልስዋገን እ.ኤ.አ. በ1968 የተሠራ ባለ 1300 ሞተር ነው። ጫጫ በሚገኘው የቤተሰባችን ግቢ፣ በቆርቆሮ ጥላ ሥር ዘጠኝ ክረምት ከቆመ በኋላ ሞተሩ ተጣብቆ አልዞር አለ። ይህን አስተያየት የምጽፈው መኪናውን በ2017 ዓ.ም. መስከረም መጨረሻ ወስጄ ስላሠራሁበት፣ ደብረ ብርሃን ጠባሴ አካባቢ ስለሚገኝ አነስተኛ ጋራዥ ነው። ሥራውን ወድጄዋለሁ፤ አሠራሩን ግን በሙሉ አልወደድኩትም።

ከዚያ በፊት መኪናውን ሁለት ሰዎች አይተውት ነበር። የመጀመሪያው ባትሪ አገናኝቶ ሞተሪኖው (ሞተር ማስነሻው) እስኪጨስ ድረስ ቁልፉን ደጋግሞ አዞረ። ሁለተኛው ደግሞ በአይሱዙ አስጎትተን፣ ሁለተኛ ማርሽ አስገብተን ፍሪሲዮኑን በድንገት እንልቀቅ አለኝ። በዝገት የተያዘ ፒስተን በዚህ መንገድ ሲጎተት ቢዬላው (ፒስተኑን ከክራንክ ሻፍቱ የሚያገናኘው ክንድ) ሊጎብጥ ወይም የፒስተኑ ቀለበት መቀመጫ ሊሰበር ስለሚችል፣ አመስግኜ አሰናበትኩት።

የጠባሴው ጋራዥ ባለቤት በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው። መኪናው እንደደረሰ የጠየቁኝ ሞተሩ እንዴት እንደቆመ ነበር፤ እየሠራ ሳለ በሙቀት ነው ወይስ በደህና ጠፍቶ ከርሞ? የተያዘው ሦስተኛው ሲሊንደር (ፒስተን የሚመላለስበት ቱቦ) ይሆናል ብዬ ገመትኩ፤ ምክንያቱም በዚህ ዘመን ቮልስ ላይ የዘይት ማቀዝቀዣው ከማራገቢያው የሚመጣውን አየር ስለሚከልለው ይህ ሲሊንደር ከሌሎቹ ይበልጥ እንደሚሞቅ አውቅ ነበር። እሳቸው ግን ሞተሩ ተጣብቋል ብለው ከመፍረዳቸው በፊት ቺንጊያውን (የማራገቢያውን ቀበቶ) አወለቁ፣ ሞተሪኖውን ፈቱ፣ ማርሹን ዜሮ አድርገው የኋላ ጎማዎቹን አዞሩ። ሞተሪኖው ቮላኖ የሚባለውን ከባድ ክብ ብረት ነክሶ ቀርቶ ቢሆን ኖሮ ሞተር ሳይነካ በዚያው ያበቃ ነበር። ከዚያ በ30 ቁልፍ የክራንክ ሻፍቱን ፑሊ በቀስታ ወደ ሁለቱም አቅጣጫ ሞከሩት፤ ንቅንቅ አላለም።

ካንዴላዎቹ (ነዳጁን የሚያቀጣጥሉት ብልጭታ ሰጪዎች) ሲወጡ በባትሪ መብራት አሳዩኝ። ግምቴ በሲሊንደሩ ትክክል፣ በምክንያቱ ግን ስሕተት ነበር። በሙቀት የተያዘ ፒስተን የአሉሚኒየም ልጣጩን ግድግዳው ላይ ለቅልቆ ይተዋል፤ በሦስተኛው ሲሊንደር ውስጥ የነበረው ግን ቡናማ ዝገት ብቻ ነው። ሞተር በሚቆምበት ቦታ ሁሉ አንድ ወይም ሁለት ቫልቭ ክፍት መቅረቱ የተለመደ ስለሆነ፣ የክረምቱ እርጥበት በጭስ ማውጫው በኩል ገብቶ የብረቱን ግድግዳ ከፒስተን ቀለበቱ ጋር አጣብቆታል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ያለች፣ ሌሊቷ ቁር፣ ክረምቷ ጭጋግ የሆነ ከተማ በመሆኗ እንዲህ ያለ ሞተር ብዙ ጊዜ እንደሚመጣላቸው ነገሩኝ።

ጋራዡን ከሌሎቹ የለየብኝ ቀጥሎ ያለው ሥራ ነው። ብዙ መካኒክ በካንዴላው ቀዳዳ ናፍጣ ወይም ነጭ ጋዝ ጨምሮ ይጠብቃል። ይህ ሲሊንደሮቹ ወደ ላይ ለቆሙ ሞተሮች ይሠራል። የቮልስ ሲሊንደሮች ግን ግራና ቀኝ የተጋደሙ ናቸው፤ የተጨመረው ፈሳሽ በታችኛው ጎን ተኝቶ ይቀራል፣ የቀለበቱ የላይኛው ግማሽ ደርቆ ይውላል። ስለዚህ ዘይቱን አፍስሰው፣ ሞተሩን አውርደው፣ ማርሚታውን (የጭስ ድምፅ ማፈኛውን) እና ቆርቆሮውን ገፈው፣ ሦስተኛውና አራተኛው ሲሊንደር ወደ ሰማይ እንዲያዩ አሮጌ ጎማ ላይ በጎኑ አቆሙት። ቫልቮቹን ገፍተው የሚከፍቱትን ሮከር አርሞችም ስለፈቱ ቫልቮቹ ሁሉ ተዘጉ፤ ፈሳሹ የሚሄድበት መንገድ በቀለበቶቹ በኩል ብቻ ሆነ።

ፈሳሹ የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይትና አሴቶን እኩል በእኩል ነው። ሁለቱ ተዋህደው ስለማይቆዩ ከመጨመሩ በፊት በየጊዜው ይናጣል። አሴቶን እሳት ወዳድ መሆኑን እያወቁ፣ ልጆቹ ለብርድ ያቀጣጠሉትን ከሰል ከሥራው አጠገብ ማየቴ አስደንግጦኛል፤ ስናገር ወዲያው አወጡት፣ ግን እኔ እስክናገር መጠበቅ አልነበረበትም።

በየማለዳው አንድ ልጅ ስንደዶ በካንዴላው ቀዳዳ ይሰድና እርጥበቱ የደረሰበትን በክር ያስራል። አራተኛው ሲሊንደር በመጀመሪያው ሌሊት ጎደለ፤ ቀለበቶቹ ነጻ ነበሩ ማለት ነው። ሦስተኛው ሰባት ቀን ሙሉ ከክሩ አልወረደም። በስምንተኛው ቀን ግን ግማሽ ጣት ያህል ዝቅ ብሎ ተገኘ፣ ፈሳሹ ዝገቱን ሰርስሮ አለፈ። ያን ቀን እንኳ ወደ ጉልበት አልሄዱም፤ ሦስት ቀን ጨምረው ጠበቁ። ከዚያ ቮላኖው ላይ በሁለት ቡሎን አንድ ሜትር የሚሆን ዘንግ አስረው፣ በአንድ እጅ ብቻ፣ ትንሽ ወደዚህ ትንሽ ወደዚያ ያወዛውዙት ጀመር። ሁለተኛውን እጅ መጨመር ክልክል ነው፤ አንዱ ልጅ ሊያግዝ ሲጠጋ በክርናቸው ገፉት። ደረቅ እንጨት ሲሰነጠቅ የሚሰማ ዓይነት ድምፅ ወጣና ዘንጉ የጣት ስፋት ያህል ሄደ። ያንኑ ያህል መለሱት፣ ፈሳሽ ጨመሩ፣ ለዕለቱ አቆሙ። ሙሉ ዙር የዞረው በማግሥቱ ከሰዓት ነው።

ዞረ ብለው አላስነሡትም። ቴስታታዎቹን፣ ማለትም የሲሊንደሮቹን ክዳኖች፣ አወጡ። ቀለበቱ የቆመበት መስመር ላይ ጥፍር የሚይዝ ጉድጓድ ስለነበር ሲሊንደሩ በመወልወል የሚድን አልነበረም። የቮልስ ሲሊንደሮች አንድ በአንድ የሚወጡ መሆናቸው በጀ፤ ያም ሆኖ የፒስተኖቹ ክብደት መቀራረብ ስላለበት ባለ 77 ሚሊ ሜትሩን የአራት ስብስብ ከመርካቶ ሶማሌ ተራ ገዝቼ አመጣሁ።

አሁን ወደ ቅሬታዬ ልምጣ። በመጀመሪያ 15,000 ብር በቃል የተነገረኝ የእጅ ዋጋ መጨረሻ ላይ 22,000 ሆነ። ቴስታታ መክፈት በመጀመሪያው ሂሳብ አልገባም ነበር ተባለ፤ ምክንያቱ አሳማኝ ነው፣ ግን በወረቀት የተጻፈ ነገር ስላልነበረ የምከራከርበት አልነበረኝም። ሁለተኛው የቴስታታ ዳዶዎቹን በእጅ ግምት ሊያጠብቁ መነሣታቸው ነው። የሞተሩ አካል ከማግኒዚየም ቅይጥ የተሠራ በመሆኑ ዳዶው ከልክ በላይ ሲጠብቅ የሚታሰርበት ችካል የአካሉን ጥርስ ይዞ ይነቀላል፤ የዚህ ሞተር የማጥበቂያ መጠን 32 ኒውተን ሜትር ነው። የማጥበቂያ ኃይል መለኪያ ቁልፍ በጋራዡ አልነበረም። ግድ ብዬ ከሌላ ቦታ አስዋስኳቸው። ይህን ያህል ጥንቃቄ የሚያውቁ ሰው ይህን መሣሪያ አለመግዛታቸው ዛሬም አይገባኝም።

ሦስተኛው ቀጠሮ ነው። "ልጄ፣ ለሚካኤል ና" አሉኝ። ጥቅምት 12 ቀን ሥራዬን ትቼ ስሄድ ሞተሩ ገና ጎማው ላይ በጎኑ ቆሟል። "ጋሼ፣ ለሚካኤል አላሉኝም እንዴ?" ስላቸው፣ ያሉት የኅዳሩን፣ ትልቁን ሚካኤል መሆኑን ሳቅ ብለው አስረዱኝ። በኅዳር 12 በእርግጥም ተነሥቶ ጠበቀኝ።

ከዚያ ወዲህ 2.5 ሊትር ዘይቱን ቀይሬ፣ የቫልቭ ክፍተቱን በቀዝቃዛ ሞተር አስለክቼ፣ 500 ኪሎ ሜትር በዝግታ ከነዳሁት በኋላ በጣርማ በር ዋሻ አልፌ ደብረ ሲና ወረድኩ። ሲመለስ ዳገቱን በሁለተኛ ማርሽ ሳይቆም ወጣው። ከፑሽ ሮድ ቱቦዎቹ ሥር ትንሽ ዘይት ያንጠባጥባል፤ ጎሚኖዎቹን (የጎማ ማሸጊያዎቹን) ያለ ክፍያ እንደሚቀይሩልኝ ቃል ገብተዋል። ቀጠሮው ለሚካኤል ነው፤ በዚህኛው ግን የወሩን ስም አስጽፌያለሁ።