«ከመሳብህ በፊት ነው ወይስ በኋላ?» ሲጋራ ላስተዉኝ የፋርማሲ ሠራተኛ ምስጋና

ይሄን ጽሁፍ ለመጻፍ አራት ወር ጠበቅኩ። ቶሎ አመስግኖ ቶሎ ወደ ሲጋራ የተመለሰ ሰው አውቃለሁ። እኔው ነኝ።

የማመሰግነው ምዕራብ ለንደን ያለ አንድ ፋርማሲ ውስጥ ሲጋራ ማቆም የሚፈልጉ ሰዎችን የሚያማክሩ አንዲት ሴትን ነው። ስማቸውን እንድጽፍ ፈቃድ ብጠይቃቸው «ተው ሓወይ፣ እኔን ተወኝና ሥራውን ጻፍ» አሉኝ። የተወለዱት አስመራ ነው፤ ያደጉት አዲስ አበባ። አማርኛቸው ከእኔ ይሻላል። የመጀመሪያው ቀን ሁለታችንም በእንግሊዝኛ ስንታገል ቆይተን፣ እኔ በምሬት «እግዚኦ!» ስል ነው የተዋወቅነው። ከዚያ ወዲህ እትዬ ነው የምላቸው።

ማጨስ የጀመርኩት አዲስ አበባ፣ ኒያላ በፍሬ እየገዛሁ ነው። እናቴ እስከ ዛሬ አታውቅም። ዛሬ ለንደን ውስጥ ሃያ ፍሬ ያለው ፓኮ ከ15 ፓውንድ ያልፋል፤ እሱም አላስቆመኝም። ያሳሰበኝ ደረጃ ስወጣ የሚያፏጨው ደረቴ ነው። የሥራ ባልደረባዬ «ወደ ቬፕ ቀይር፣ እኔ በአንድ ቀን ነው የተገላገልኩት» አለኝ። ቬፕ የሚሉት የኤሌክትሮኒክ ሲጋራን ነው። እኔም ሰፈሬ ያለ አንድ ሱቅ ገባሁ።

ሻጩ ልጅ በቀን ስንት እንደማጨስ አልጠየቀኝም። አንድ መሣሪያና «20 ሚሊግራም» የሚል ትንሽ ጠርሙስ ሰጠኝ። በአንድ ሚሊሊትር 20 ሚሊግራም ኒኮቲን ማለት ነው። በኋላ ነው የሰማሁት፣ እንግሊዝ ውስጥ ሕጉ ከዚህ በላይ እንዲሸጥ አይፈቅድም። በቀን አሥራ ሁለት ፍሬ የማጨስ ሰውዬ ከጣሪያው ጀመርኩ። ፈሳሹ ደግሞ «ኒክ ሳልት» የሚሉት ዓይነት ነበር። ይሄ ጉሮሮ አይቆነጥጥም። ሲጋራ ሲበዛብህ ጉሮሮህ «በቃ» ይልሃል። ይሄኛው ዝም ብሎ ይገባል።

ሥራዬ የሌሊት ጥበቃ ነው። አንድ የግንባታ ቦታ፣ ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ ካሜራ እያየሁ ነው የማድረው። ሲጋራ መጨረሻ አለው፤ ያልቃል፣ ትረግጠዋለህ፣ ትመለሳለህ። ቬፕ የሚያልቅበት ቦታ የለውም። እጄ ላይ ነው፣ ሳብ አደርገዋለሁ። ካሜራ አያለሁ፣ ሳብ። ከቤት በፔርሙስ ያመጣሁትን ቡና እቀዳለሁ፣ ሳብ።

በሦስተኛው ሌሊት፣ በእኛ አቆጣጠር ዘጠኝ ሰዓት ገደማ፣ ልቤ ድው ድው ማለት ጀመረ። እጄ ተንቀጠቀጠ፣ ቀዝቃዛ ላብ አጠመቀኝ፣ አቅለሸለሸኝ። ሞቼ ጠዋት ሠራተኞቹ ሲያገኙኝ ታየኝ። ድንገተኛ ክፍል ሄድኩ። የልብ ምርመራ ተነሳሁ፣ ደም ሰጠሁ፣ ሰዓታት ጠበቅኩ። «ልብህ ደህና ነው፤ ጭንቀት ይመስላል» ተብዬ ወጣሁ። ክፉ ሰዎች አልነበሩም። ግን ምን እንደምስብና ምን እንደምጠጣ የጠየቀኝ አልነበረም፤ እኔም አልተናገርኩም።

ከዚያ በኋላ ያለው ሳምንት ግራ የገባው ነበር። ቬፑን ስተወው ጭንቀት፣ ስስበው ጭንቀት። በአምስተኛው ቀን ሲጋራ ገዛሁ። የገረመኝ፣ ሲጋራው አረጋጋኝ። «ለእኔ የተፈጠረው ሲጋራ ነው» ብዬ ደመደምኩ።

እትዬ ጋ የላከችኝ የጂፒዬ፣ ማለትም የሰፈር ሐኪሜ፣ ነርስ ናት። አገልግሎቱ ነጻ ነው። ታሪኬን ስጨርስ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁኝ፤ «ጭንቀቱ የሚመጣብህ ከመሳብህ በፊት ነው ወይስ በኋላ?»

አላውቅም ነበር። ያን ያህል ስጨነቅ አስቤበት አላውቅም።

«ሁለቱም ጭንቀት ይባላሉ እንጂ ዘመድ አይደሉም» አሉኝ። ከመሳብህ በፊት የሚመጣው ሀራራ ነው። ኒኮቲን ደም ውስጥ በሁለት ሰዓት ገደማ በግማሽ ይቀንሳል፤ ሲጎድል ትነጫነጫለህ፣ ይርብሃል፣ ሐሳብህ አይሰበሰብም፣ መቀመጥ ያቅትሃል። ሲጋራ ያረጋጋኝ የመሰለኝም ለዚህ ነው፤ የሚያረጋጋው ራሱ ያመጣውን ነው። በኋላ የሚመጣው ደግሞ ኒኮቲን ሲበዛ ነው። ኒኮቲን ያነቃቃል፣ ልብን ያስሮጣል። ማቅለሽለሽ፣ ማዞር፣ ራስ ምታትና ቀዝቃዛ ላብ ካለበት፣ ከመጨመር በፊት መሣሪያውን ማስቀመጥ ነው። እኔ ግን ልቤ ሲመታ «ሀራራ ነው» ብዬ ደግሜ ስስብ ነበር።

ከዚያ ትንሽ ደብተር ሰጡኝ። «ሰዓቱን ጻፍ፣ ስንቴ እንደሳብክ ጻፍ፣ ምን እንደተሰማህ ጻፍ። ሌላ አትጻፍ፣ ግጥም አልጠየቅኩህም።»

በሳምንቱ ደብተሩን አብረን አየነው። ከእንቅልፌ ስነሳ ያለው ሀራራ ነበር። የሌሊቱ አብዛኛው ከሳብኩ በኋላ የመጣ ነው። ግን ከሁለቱም ያልገጠመ ነበር። እሑድ ከሰዓት፣ ቬፑን ቤት ረስቼው በወጣሁበት ቀን፣ ጓደኛዬ ቤት ተቀምጬ ልቤ ይመታል። እትዬ መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝ።

«ቡና ስንት ትጠጣለህ?»

ሳቅኩ። ሐበሻ ይሄ ይጠየቃል? ሥራ ላይ አንድ ፔርሙስ፣ እሑድ እስከ በረካ። ድሮም የምጠጣው ነው፣ ምንም ሆኜ አላውቅም አልኳቸው።

«ድሮ ታጨስ ነበራ!»

ይሄን ለሁሉም ሰው እየነገርኩ ነው፤ ስለዚህ እዚህም ልቆይበት። የሲጋራ ጭስ ጉበታችን ካፌይንን ቶሎ ቶሎ እንዲሰባብር ያደርገዋል። ይሄን የሚያደርገው ኒኮቲኑ አይደለም፣ ከትምባሆው መቃጠል የሚወጣው ጭስ ነው። ስለዚህ ወደ ቬፕም ቀይር፣ የኒኮቲን ፕላስተርም ለጥፍ፣ ጭሱ ሲቆም ጉበት በጥቂት ቀናት ውስጥ ወደ ተራ ፍጥነቱ ይመለሳል። ቡናው ግን ያው ነው። ካፌይኑ ሰውነት ውስጥ ይቆያል፤ የለመድከው አንድ ስኒ እንደ ሁለት ሊሆንብህ ይችላል። እኔ ሲጋራ ባቆምኩበት ሳምንት፣ ሳላውቀው፣ ቡናዬንም እጥፍ ማድረጌ ነበር። በላዩ ላይ 20 ሚሊግራም።

እትዬ ቡና ተው አላሉኝም። ያንን ቢሉኝ አልመለስም ነበር፣ ያውቁታል። የፔርሙሱን በግማሽ አስቀነሱኝ። ለእሑዱ ያሉኝ ግን ይህን ነው፦ «አቦሉን ለሌላ ሰው አሳልፍና በረካውን ጠጣ። ቀጭን ነው፣ በረከቱም አይቀርብህም።» የጓደኛዬ ሚስት ለሁለት ሳምንት አኩርፋኝ ነበር። አሁን ለምዳለች።

በዚያው አንድ ነገር ጨምረው ነበር፣ ለሚመለከተው ይድረስ። ይሄ የጉበት ጉዳይ አንዳንድ መድኃኒቶችንም ይነካል። ኦላንዛፒን ወይም ክሎዛፒን የሚባሉትን የአእምሮ ሕመም መድኃኒቶች የሚወስድ ሰው ማጨስ ከማቆሙ በፊት ለሐኪሙ ይንገር፤ መጠኑ መስተካከል ሊያስፈልገው ይችላል።

ከፈራሁት የተነሳ ፈሳሹን ወደ 3 ሚሊግራም ላውርደው አልኳቸው። እምቢ አሉ። «ፈርተህ አትውረድ። ከሚያስፈልግህ በታች ከሆነ ቀኑን ሙሉ ስትስብ ትውላለህ፣ ማታ ሲጋራ ትገዛለህ።» 10 ላይ አስጀመሩኝ። አሳሳቡንም አስተማሩኝ፤ ቀስ አድርጎ፣ መጀመሪያ አፍ ውስጥ ከዚያ ወደ ውስጥ፣ እንደ ሲጋራ። ሦስት አራት ጊዜ ስቦ ኪስ መክተትና አሥር ደቂቃ መጠበቅ። እጄ ላይ ሳይሆን ኪሴ ውስጥ፣ ዚፕ ባለው። ዚፑ ቀልድ ይመስላል፤ ለእኔ ከሁሉ በላይ የረዳኝ ግን እሱ ነው። ከሁለት ወር በኋላ 6 ገባሁ። አሁን 3 ላይ ነኝ። ወደ ዜሮ የምንወርድበትንም ቀን ቆርጠውልኛል።

በየቀጠሮው አንድ መሣሪያ ላይ ያስነፉኛል። ትንፋሽ ውስጥ ያለውን ካርቦን ሞኖክሳይድ ይለካል። የመጀመሪያ ቀን 19 አለ። ሲጋራውን ባቆምኩ በሳምንቱ 2። ቬፕ ውስጥ የሚቃጠል ትምባሆ ስለሌለ ቁጥሩ ቶሎ ይወርዳል። ማሽኑ ተበላሽቶ እንዳይሆን ብዬ ሁለቴ ነፋሁ። እትዬ ቁጥሩን በብዕር ደብተሬ ሽፋን ላይ ጻፉልኝ፣ እስካሁን አለ።

ቬፕ እያስተዋወቅኩ እንዳይመስል። እትዬ ራሳቸው «የማያጨስ ሰው ይሄን ነገር እንዳይነካ» ይላሉ፤ ከሲጋራ በብዙ ይሻላል እንጂ ጉዳት የለውም ማለት አይደለም። መጀመሪያ ያቀረቡልኝ የኒኮቲን ፕላስተርና ማስቲካ ነበር። እጄ የሚይዘው ነገር ካላገኘ አልችልም ያልኩት እኔ ነኝ። መሣሪያውን ያገኘሁት በነጻ ነው፤ የእንግሊዝ መንግሥት በ2023 አንድ ሚሊዮን ለሚደርሱ አጫሾች ከምክር ጋር እሰጣለሁ ባለው ፕሮግራም። ሁሉም ሰፈር አይሰጥም፣ መጠየቅ ነው።

አዲስ አበባ ያለ አንድ ወዳጄ ይሄን ሰምቶ «በሻንጣ ላክልኝ» አለኝ። አልልክም። በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 ቬፕ ወደ አገር ውስጥ ማስገባትም መሸጥም ክልክል ነው። የቡናውን ነገር ግን በስልክ ነገርኩት፤ እሱ ቀረጥ የለውም።

አገልግሎቱ እንከን የለውም አልልም። ቀጠሮ የሚሰጡት ቀን ነው፣ እኔ ቀን እተኛለሁ። ሁለት የስልክ ቀጠሮ አምልጦኝ ስሜን ሊሰርዙት ነበር። እትዬ ናቸው ፋርማሲው ሲከፈት፣ ከሥራ ስወጣ እንድገባ ያመቻቹልኝ። አርብ አርብ ደግሞ ራሳቸው ይደውሉ ነበር፤ አርብ የደመወዝ ቀኔ እንደሆነና ሲጋራ የምገዛው ያን ቀን እንደሆነ ደብተሩ ላይ አይተዋል። «የት ነህ?» ይላሉ። «ቤት»። «ጎበዝ፣ ተኛ»። ይዘጋሉ። አሥራ አንድ ሰከንድ።

እትዬ፣ ልጅዎ ይሄን ካነበበችልዎ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዕድሜና ጤና ይስጥዎ።

እንግሊዝ ያላችሁ በ0300 123 1044 ደውሉ፤ ሲጋራ ማቆም ለሚፈልግ ነጻ ምክር የሚሰጥበት መስመር ነው፣ አቅራቢያችሁ ያለውንም ይነግሯችኋል። ፋርማሲያችሁንም ጠይቁ። እንግሊዝኛው ካስቸገራችሁ ቀጠሮ ስትይዙ የአማርኛ አስተርጓሚ እንደምትፈልጉ ተናገሩ፣ አትፈሩ። ምዕራብ ለንደን የምትኖሩና እትዬን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ፋርማሲው የት እንደሆነ እነግራችኋለሁ። ቀን ካልመለስኩ ተኝቼ ነው።