ሪፐር፦ አንዱን ዘፈን ለአምስት ሰው ማድረስ

አንድ ዘፈን ከስቱዲዮዬ ሲወጣ አንድ ፋይል ብቻ ሆኖ ወጥቶ አያውቅም። ድምፃዊው በስልኩ የሚሰማውን ኤምፒ3 በቴሌግራም ላክልኝ ይላል። ክሊፕ የሚያቀናብረው ልጅ ያልታመቀውን ትልቁን ፋይል፣ ዋቭ የሚባለውን፣ በ48 ኪሎኸርዝ ይፈልጋል፤ በኦንላይን የሚያሰራጨውም ዋቭ ካልሆነ አልቀበልም ይላል። ለመድረክ ደግሞ ኮረሱ ብቻ የቀረበት ፕሌይባክ፣ በተጨማሪም ምንም የሰው ድምፅ የሌለው ክላሲካል አለ። ቅንብሩን ብዙ ጊዜ የምጀምረው ኤፍኤል ስቱዲዮ ላይ ነው፤ ለቢት እሱን የሚያህል አላገኘሁም። ሚክሱ የሚያልቀውና ፋይሉ የሚወጣው ግን ሪፐር በሚባለው የድምፅ መቅረጫና ማቀናበሪያ ፕሮግራም ላይ ነው።

ኮንትሮል፣ አልትና አር አንድ ላይ ሲጫኑ የሚመጣው የሬንደር መስኮት፣ ማለትም ያለቀው ዘፈን ፋይል ሆኖ የሚወጣበት፣ ለጀማሪ ያስፈራል። ምርጫ በምርጫ ላይ ተደርድሮበታል፤ ለመልኩ የተጨነቀ ሰው ያለ አይመስልም። የሠራው ጀስቲን ፍራንከል ነው፣ የያኔው የኤምፒ3 ማጫወቻ የዊንአምፕ አባት። ኤምፒ3ን በየኮምፒውተሩ ያስለመደ ሰው ፋይል የሚወጣበትን ክፍል በደንብ ቢሠራው አይገርምም።

ከታች ፎርማት የሚመረጥበት ቦታ ዋናና ሁለተኛ ተብሎ ለሁለት ተከፍሏል። ዋናው ላይ 24 ቢት ዋቭ፣ ሁለተኛው ላይ 320 ኪሎቢት ኤምፒ3 አድርጌ አንዴ ስጫን ሁለቱም አብረው ይወጣሉ። የ4 ደቂቃ ዘፈን በ48 ኪሎኸርዝ ዋቩ ወደ 70 ሜጋባይት ሲሆን ኤምፒ3ው 10 አይሞላም። ዳታ እየገዛ ለሚያወርድ ደንበኛ ይሄ ትንሽ ነገር አይደለም። ፍላክና ኦግ የሚባሉ ፎርማቶችም አሉ፤ እስካሁን ግን ኦግ ስጠኝ ያለኝ ሰው የለም።

እኔን የማረከኝ ሬንደሮቹን ተራ የሚያስይዘው ወረፋው ነው። ሊድ ድምፁን ዘግቼ ኮረሱን እተውና ፕሌይባኩን ወረፋ አስይዘዋለሁ። ቀጥሎ ኮረሱንም ዘግቼ ክላሲካሉን አስይዛለሁ። ፕሮግራሙ ፕሮጀክቱን በዚያች ቅጽበት እንደነበረ ቀድቶ ስለሚያስቀምጥ፣ ከዚያ በኋላ ብነካካው ወረፋ ላይ ያለው አይለወጥም። በመጨረሻ ሁሉንም በአንድ ትእዛዝ አስጀምሬ ቡና ልጠጣ እወጣለሁ።

ሌላ ቦታ ላለ የሚክስ ባለሙያ ሲላክ ደግሞ ትራኮቹን መርጦ ስቴም ማለት ነው። ከበሮው፣ ቤዙ፣ ክራሩ ለየብቻ ይወጣሉ፤ ሙሉ ፕሮጀክት የሚለው ከተመረጠ ሁሉም ከዜሮ ስለሚነሱ ሰውየው በየትኛውም ፕሮግራም ቢደረድራቸው ይገጥማሉ። ስም መጻፍም የለብኝም። የዶላር ምልክት ያለባቸውን ኮዶች አንዴ ካስገባሁ የፕሮጀክቱንና የትራኩን ስም ራሱ ይለጥፋል። የማሲንቆው ማስተጋቢያ መጨረሻ ላይ እንዳይቆረጥ ቴይል የሚለው ላይ 3000 ሚሊሰከንድ እሰጠዋለሁ።

«ድምፁን ጨምርልኝ» ለሚል ደንበኛም መልስ አለው። ድራይ ራን የሚለው ምንም ፋይል ሳያወጣ የዘፈኑን ሉፍስ፣ የድምፁ ጉልበት የሚለካበትን ቁጥር፣ ይነግረኛል። ስፖቲፋይ ወደ -14 ሉፍስ ስለሚያስተካክል፣ -7 ላይ አፍኜ ብልክለት መልሶ እንደሚቀንሰው ቁጥሩን አሳይቼ አስረዳለሁ። አንዳንዱ ያምናል።

ሪፐር የሚጎድለው የሙዚቃ መሣሪያ ነው። አብረውት የሚመጡት የሙዚቃ መሣሪያ ድምፆች ከቁጥር አይገቡም፤ ከባዶ ቅንብር ልጀምር ያለ ሰው ይቸገራል። ቢት ሠርቶ ለጓደኛው ብቻ የሚልክ ልጅም ይህ ሁሉ ጣጣ አያስፈልገውም፤ የኤፍኤል ነፃ ሙከራ ራሱ ዋቭና ኤምፒ3 ያወጣል፣ ያስቀመጡትን ፕሮጀክት መልሶ አይከፍትም እንጂ።

ሪፐር ለ60 ቀን ምንም ሳይቀነስበት ይሞከራል። ከዚያ ፈቃዱ ለግል ተጠቃሚ፣ ወይም በዓመት ከ20,000 ዶላር የማይበልጥ ለሚያስገባ ሥራ 60 ዶላር፣ ከዚያ በላይ ለሆነ 225 ዶላር ነው። በዶላር የሚከፍል ካርድ ስለሌለኝ የእኔን ውጭ ያለ ዘመድ ነው የከፈለልኝ፤ ብሩን እዚህ ለእናቱ ሰጠሁ።