ሥዕሉ ይቅር፣ እንዝርቱ ይምጣ፦ የደብረ ብርሃን አረጋውያን የቅዳሜ ክፍል

አክስቴ የሚኖሩበት የደብረ ብርሃን የአረጋውያን መኖሪያ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት የሥዕልና የእጅ ሥራ ክፍል አለው። በነፃ ነው።

ሥዕሉ ያው ነው። ተስሎ ያለቀ አበባ ሰጥተው "ቀለም ቀቡ" ይላሉ። አንድ አባባ ወረቀቱን ገልብጠው "አፀደ ሕፃናት ነው እንዴ ያስገባችሁኝ?" አሉ። እውነታቸውን እኮ ነው! ብሩሾቹም ቀጫጭን ናቸው፤ ቁርጥማት ለያዘው እጅ አይመቹም። አስተማሪዋ እጀታውን በጨርቅ ጠቅልላ ስታወፍረው ግን ነገሩ ቀለለ። ጎበዝ ልጅ ናት።

የእጅ ሥራው ሌላ ነው። ለስፌት አክርማ፣ አለላና ወስፌ፣ ለፈትል ደግሞ የበግ ፀጉርና እንዝርት ይቀርባል። አክስቴ የመንዝ ሰው ናቸው፤ ባና ለሚባለው የሱፍ ብርድ ልብስ የሚሆን ክር ሲፈትሉ ነው ያደጉት። ዓይናቸው ደክሟል። እንዝርቱን ጭናቸው ላይ ሲያሾሩት ግን ዞር ብለውም አያዩትም። ክሩ ሲበጠስ ጫፍና ጫፉን በጣታቸው አሸት አሸት አድርገው ይቀጥሉታል፤ መገጣጠሚያውን ፈልጌ አጣሁት። አስተማሪዋን "አታጥብቂው ልጄ፣ ላላ አድርጊው!" ሲሏት መስማት ነው። ማን ማንን እንደሚያስተምር ግራ ያጋባል።

ቅሬታዬ አዳራሹ ላይ ነው። ከተማው ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው ያለው፤ አዳራሹ ግን ወለሉ ሲሚንቶ፣ ማሞቂያውም ምንም። ዘጠኝ ሰዓት ሲያልፍ ጣት ይደነዝዛል። ረፋድ ላይ ግቢው ውስጥ ፀሐይ እየሞቁ ቢሠሩ ምን ነበረበት?

ከአምስት አራት ሰጥቻለሁ። የምትሄዱ ካላችሁ ብርቱካንና ብስኩቱን ተዉትና የበግ ፀጉር ውሰዱላቸው፤ ቶሎ ያልቃል።