ለ20 ዶሮ ተብሎ የተሸጠልን የብረት የዶሮ ቤት፦ ከአንድ ዓመት አገልግሎት በኋላ

ባለፈው ዓመት ጥቅምት ወር ቢሾፍቱ በሚገኘው ቤታችን ጓሮ ዶሮ ማርባት ስንጀምር፣ አናጢ ጠርተን በእንጨት ከማሠራት ይልቅ ተሠርቶ ያለቀ የብረት የዶሮ ቤት ከአንድ የብረታ ብረት ሥራ ቤት ገዛን። ቤቱ 1.80 ሜትር ርዝመት፣ 1 ሜትር ወርድና 1.50 ሜትር ቁመት አለው። አጽሙ ከቱቦላሬ (ውስጡ ክፍት ከሆነ የብረት ዘንግ)፣ ሦስቱ ጎኖቹ ከላሜራ፣ ፊቱ ከሽቦ፣ ክዳኑ ደግሞ ከቆርቆሮ የተሠራ ነው። አንድ ዓመት ሙሉ ስለተገለገልንበት፣ እንዲህ ያለ ቤት ለመግዛት ለሚያስቡ ሰዎች ያየሁትን ሳልቀንስ ለመጻፍ ወደድኩ።

ዋናው ቅሬታዬ ሻጩ በሰጠን ቁጥር ላይ ነው። ቤቱ 20 ዶሮ ይይዛል ተብሎ ነበር የተሸጠልን። ሆኖም የወለሉ ስፋት 1.80 ካሬ ሜትር ብቻ ሲሆን፣ በጉዝጓዝ ላይ ለሚያድሩ እንቁላል ጣዮች በአንድ ካሬ ሜትር ከ4 እስከ 5 ዶሮ ማስቀመጥ የተለመደ በመሆኑ፣ ቤቱ በአግባቡ የሚይዘው ከ7 እስከ 9 ዶሮ ነው። ቆጡም ቢሆን ከዚህ የተለየ አይናገርም፤ አንዲት ዶሮ ተመችቷት ለማደር 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ስለሚያስፈልጋት፣ 1.80 ሜትር የሆነው ቆጥ ከ9 ዶሮ በላይ አያሳድርም። ይህንን ለሻጩ ባስረዳው «ቀን ጓሮ ስለሚውሉ ለማደሪያ ብቻ ነው የሚፈልጉት» ሲል መለሰልኝ። በበጋ ከሆነ መልሱ ጥቂት እውነት አለው። ሐምሌና ነሐሴ ሲገቡ ግን ዶሮዎቹ ከዝናቡ የተነሳ ቀኑን ሙሉ ከቤት የማይወጡበት ጊዜ ብዙ ነው፤ የተጨናነቁ ዶሮዎች ደግሞ ላባ ይነቃቀላሉ፣ አንዷ ከቆሰለች በኋላም ሌሎቹ ደሙን እያዩ እዚያው ቁስል ላይ ይረባረባሉ። የሻጩን ቁጥር አምኖ 20 ዶሮ የሚያስገባ ጀማሪ ጥፋቱ የራሱ እየመሰለው ሥራውን ሊተው ይችላል፤ ቅሬታዬን አጥብቄ የማነሳውም ለዚህ ነው።

እኛ የገዛነው 45 ቀን የሞላቸው፣ ቦቫንስ ብራውን የተባለው የእንቁላል ጣይ ዝርያ የሆኑ 10 ቄቦች ነው። አውራ ዶሮ ለሚበላ እንቁላል ስለማያስፈልግ አልጨመርንም፤ ጎረቤትም በሌሊት ጩኸት አልታወከም። አሳዳጊው የማሬክስ፣ የፈንግልና የጉምቦሮ የተባሉት የዶሮ በሽታዎች ክትባት የተሰጠበትን ቀን የያዘ ካርድ ስላሳየን በግዢው ረክተናል። ካርድ የሌለውን ቄብ በርካሽ ከመግዛት መቅረት ይሻላል። ፈንግል በተለይ ዝናብ ሲጀምርና በበዓላት ሰሞን ዶሮ ከገበያ ገበያ ሲዘዋወር የሚበረታ በሽታ ሲሆን፣ ክትባቱም በየጊዜው መደገም ይኖርበታል። ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት የፈንግልን ክትባት እዚሁ ቢሾፍቱ ስለሚያመርት፣ ለእኛ ከተማ ነዋሪ ክትባት ማስደገሙ ከባድ አይደለም።

ወደ ቤቱ ልመለስ። ላሜራው ቀን ፀሐዩን፣ ሌሊት ብርዱን ወደ ውስጥ ያስገባል። በኅዳርና በታኅሣሥ ንጋት ላይ የክዳኑ ውስጠኛ ገጽ ጤዛ ይዞ በዶሮዎቹ ላይ ይንጠባጠብ ነበር። አየር የሚገባው በፊት ለፊቱ ሽቦ ብቻ በመሆኑ፣ የኩሱ አሞኒያ ከኋላ ታፍኖ እየቀረ በር ስከፍት ዓይኔን ያቃጥለኝ ነበር። ሰው በአንድ ደቂቃ ውስጥ የሚሸሸውን አየር ዶሮዎቹ ሌሊቱን ሙሉ ሲተነፍሱት ማደራቸው ያሳዝናል። በያጅ አስመጥቼ ከክዳኑ ሥር በሁለቱ ጎኖች 15 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ያለው ክፍተት አስቆርጬ በሽቦ ካሸፈንኩት ወዲህ፣ ነፋሱ ከዶሮዎቹ ራስ በላይ ስለሚያልፍ ጤዛውም ሽታውም ጠፍቷል።

የፊት ለፊቱ ሽቦ ቀዳዳ ከሚገባው በላይ ሰፊ ነው። በሁለተኛው ወር አንድ ሌሊት ሸለምጥማጥ እጁን በቀዳዳው አስገብቶ ሽቦውን ተጠግታ ያደረችውን ቄብ ገደላት። ጠዋት ላባዋን መሬት ላይ ያየችው ትንሿ ልጄ ናት፤ ዶሮዋን ስም አውጥታላት ስለነበር ሐዘኗ እስካሁን ይሰማኛል። ለዚህ ዓይነት አውሬ የሚያስፈልገው በብየዳ የተያያዘ፣ ቀዳዳው ከ13 ሚሊ ሜትር የማይበልጥ ሽቦ ነው፤ አይጥንም ቢሆን ከመኖው የሚያርቀው እርሱ ነው። ሥራ ቤቱ ሽቦውን በራሱ ወጪ ስለለወጠልን አመሰግናለሁ።

ቆጡ ክብ የብረት ቧንቧ ነበር፤ ያንሸራትታል፣ ሌሊትም ይበርዳል። ከዚህ የባሰው ደግሞ ከእንቁላል መጣያ ሳጥኖቹ ዝቅ ብሎ መገጠሙ ነው። ዶሮ ከሁሉ ከፍ ያለውን ቦታ መርጣ ስለምታድር፣ ሁሉም ሳጥኖቹ ውስጥ እያደሩ በኩስ ይሞሏቸውና እንቁላሉም ቆሽሾ ይገኝ ነበር። 5 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው፣ ጠርዙ የተላገ እንጨት ከሳጥኖቹ 30 ሴንቲ ሜትር ከፍ አድርጌ ስገጥም ነገሩ በሳምንት ውስጥ ተስተካከለ።

መልካም ጎኑንም መናገር ይገባኛል። ብየዳው ንጹሕ ነው፣ ፀረ ዝገት ቀለሙ ክረምቱን ችሏል፣ መቀርቀሪያውም አልላላም። በጣም የወደድኩት ግን እንደ መሳቢያ የሚወጣውን የላሜራ ወለል ነው። ሰጋቱራ አነጥፍበትና በየሳምንቱ ስቤ በማውጣት በአሥር ደቂቃ ጠርጌ እጨርሳለሁ። የሚወጣውን ጉዝጓዝ ለወራት አብላልቼ ለጎመንና ለቃሪያ እጠቀምበታለሁ፤ ትኩስ ኩስ ተክል ያቃጥላል።

ሸለምጥማጥ ከገደላት ሌላ አንዷ ቄብ በመጀመሪያው ሳምንት ስለሞተች አሁን ያሉን 8 ናቸው። የመጀመሪያውን እንቁላል ያገኘነው በጥር ወር ሲሆን፣ ዛሬ በቀን ከ6 እስከ 7 እንቁላል እንሰበስባለን። ስምንቱ በቀን 1 ኪሎ ግራም ገደማ የእንቁላል ጣይ መኖ ስለሚበሉ፣ 50 ኪሎ ግራሙ ከረጢት ከ7 ሳምንት በላይ ያቆየናል።

ማስተካከያዎቹ የቤቱን ዋጋ ሩብ ያህል አስወጥተውኛል። ስለዚህ ከዚህ ሥራ ቤት የሚገዛ ሰው ቀለም ከመቀባቱ በፊት የአየር ክፍተቱን፣ ጠባቡን ሽቦና ከፍ ያለውን የእንጨት ቆጥ እንዲያሠራ እመክራለሁ። እነዚህ ከተሟሉለት ለ8 ዶሮ የሚሆን ጠንካራ ቤት ነው፤ ለ20 የሚገዛው ካለ ግን ሁለት ይግዛ፣ ሁለቱም ጥቂት ይጠቡታል።